ደረጃ አምስት

በመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ «ኮዱ» ነበር የሚለው። እውነተኛ ስሙን ከማኅደር ክፍሉና ከእህቱ በቀር የሚያስታውስ መኖሩ ያጠራጥራል። የሥራ መደቦች መምሪያ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ተቀምጦ፣ የአገሩ ሰው የሚተዳደርባቸውን ሥራዎች አንድ በአንድ እየለየ ቁጥር ሲሰጥ የኖረ ሰው ነው። ሥራው በየትኛው መስክ ይግባ፣ ጤና ነው ግንባታ ነው ንግድ ነው፤ ሠሪውስ ምን ያህል ሠልጥኖ ነው የሚይዘው፤ ይህን መወሰን የእሱ ፋንታ ነበር። የሥልጠና ደረጃዎቹ አምስት ናቸው። ደረጃ አንድ ማለት ጠዋት አሳይተውህ ከሰዓት በኋላ የምትሠራው ነው። ደረጃ አምስት ግን ጉልምስናህን የሚበላ ነው፤ ዓመታት ትምህርት፣ በላዩ ላይ ዓመታት ልምምድ።

ቁጥሮቹን በቃሉ ይወጣቸዋል። አንዴ ጥርሱን ሊያስነቅል ሄዶ፣ አፉ ጥጥ እንደ ጎረሰ የሐኪሙን የሥራ መደብ ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር ሲነግረው፣ ሐኪሙ ደንግጦ «ማደንዘዣው አናቱ ላይ ወጣ እንዴ?» ብሎ ነርሷን ጠየቀ ይባላል። ኮዱ ይህ ሲወራ አብሮ ይስቃል እንጂ አይክድም።

ቤቱ ግን ሳቅ አልነበረበትም። ድሮ ከታላቅ እህቱ ጋር ነበር የሚኖረው። እሱም አላገባ፣ እሷም አላገባች፤ ወላጆቻቸው በተዉላቸው ቤት፣ እሷ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት፣ እሱ የመሥሪያ ቤት ሰው ሆነው፣ እየተነጫነጩም እየተሳሳቁም አብረው አረጁ። «እትዬ» ነው የሚላት። እትዬ ጡረታ በወጣች በዓመቱ፣ በስልሳ አንድ ዓመቷ፣ ሚስቱ የሞተችበት አንድ መድኃኒት ቀማሚ አገባችና በአውቶቡስ የስድስት ሰዓት መንገድ ርቃ ሄደች። ኮዱ ሻንጣዋን ተሸክሞ ሸኛት። ደስ ብሎት ነው የሸኛት፤ ወይም ደስ ያለው መስሎት ነበር። ነገሩ የገባው ወደ ቤት ተመልሶ ቁልፉን ከውጭ ሲያስገባ ነው። ሁልጊዜ ከውስጥ የምትከፍትለት እሷ ነበረች።

ለወራት ለሁለት የሚበቃ ምግብ እየሠራ ግማሹን ደፋ። መክተፊያውን የት እንደምታስቀምጠው እየረሳ፣ ስልክ ደውሎ ይጠይቃት ነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት የበር ጠባቂውን «እንዴት አደርክ?» ሊለው አፉን ሲከፍት ድምፁ ሻክሮ አልወጣም አለው። ጉሮሮውን ጠርጎ ቆም ብሎ ሲያስበው፣ ከዓርብ ወዲህ አንዲት ቃል ከአፉ አልወጣችም።

በዚያው ሰሞን ነው ከከተማው ማዶ ካለ ሆስፒታል አንድ ደብዳቤ የመጣው። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፤ አንዲት በጽዳት ሠራተኛነት የተቀጠረች ሴት ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው ሠራሽ ዓይን ስትሠራ ኖራለች። ዓይናቸው ለጠፋ ሰዎች ልክ እየወሰደች፣ ቀለም እየቀባች የምትሠራው እሷ ናት። መዝገብ ላይ ግን ሥራዋ የለም። «ተተኪ ማሠልጠን አልቻልንም፤ ለሌለ ሥራ ሰው አይመደብምና። እባካችሁ መደብ ይሰጠን።»

የመምሪያው ኃላፊ ደብዳቤውን ከላይ ከላይ አየውና ወደ ኮዱ ገፋ አደረገው።

«ሁለት መስመር ጽፈህ ዝጋው። የፕላስቲክ ውጤቶች ውስጥ ክተተው። ደረጃ ሁለት።»

«ሄጄ ልየው» አለ ኮዱ።

«ምኑን ነው የምታየው?»

«መመሪያው ሥራው በዓይን ይታይ ይላል።»

እውነት ነው፣ ይላል። ከእሱ በቀር ግን የሚያደርገው አልነበረም።

ክፍሉ ሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን ነው። ጠባብ ናት፤ አንድ ትልቅ መስኮት ግን አላት፣ ከጣሪያው ሥር ተዘርግቶ የቀን ብርሃን ቁልቁል የሚለቅ። ጠረጴዛው ላይ የሰም ቁርጥራጭ፣ የጥርስ ሐኪም የሚጠቀምበት ዓይነት ነጭ ዱቄት፣ ከፀጉር የቀጠኑ ብሩሾች፣ በእንቁላል መያዣ ካርቶን ውስጥ ደግሞ የተደረደሩ ዓይኖች አሉ። ኮዱ በሩ ላይ ሲቆም ሃያ የሚሆኑት በአንዴ አፈጠጡበት።

«አይዞዎት፣ አይናከሱም» አለችው ሴትየዋ።

ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ቀጭን፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ሆስፒታሉ «ዓይኔ» ይላታል። ስሙን ያወጡላት በሽተኞቹ ናቸው። ለምዶባቸው «ዓይኔ፣ ደረሰልኝ ወይ?» እያሉ ሲመጡ፣ ሰው መውደዳቸውን ይግለጹ ንብረታቸውን ይጠይቁ ሳይለይ፣ ስሙ እዚያው ተጣበቀባት።

ኮዱ ቅጹን አወጣ። ዘጠና አራት ጥያቄ አለው።

«ትምህርትዎ እስከ ስንት ነው?»

«እስከ ስምንት።»

«ይህን ሥራ የት ተማሩት?»

«እዚሁ። ክፍሉን ስጠርግ ነበር። የበፊቱ ሠሪ ሽማግሌ ነበሩ፤ በመጨረሻ ዓይናቸው ደከመ። የሰው ዓይን ሲሠሩ ኖረው የራሳቸው ከዳቸው። አንድ ቀን መጥረጊያዬን እንደያዝኩ፣ ‹ልጄ፣ ይህ ከዚያኛው ጋር ይመሳሰላል?› አሉኝ። አይመሳሰልም፣ ያኛው ውስጡ አረንጓዴ አለበት አልኳቸው። ካላረጋገጥኩ ብለው ወደ ፀሐይ ወጡ። ሲመለሱ መጥረጊያውን ተቀበሉኝ።»

«ለአንድ አዲስ ሰው ለማስተማር ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?»

ዓይኔ አሰበች። «ልክ መውሰዱን፣ ሰሙን፣ መቀቀሉን፣ ማለስለሱን በዓመት ይይዘዋል። ነጩን በሌላ ዓመት፤ ነጩ ነጭ አይደለማ፣ የሲጋራ አጫሽ ነጭ ሌላ፣ የሕፃን ነጭ ሌላ። ጥቁሩን ግን…» ብሩሿን አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው። «ጥቁሩን እኔም ገና እየተማርኩ ነው።»

አንድ ቀን ይበቃዋል ብሎ የመጣ ሰው ሦስት ቀን ተመላለሰ። በርጩማ ላይ ጥግ ይዞ ተቀምጦ ያያታል። በሽተኛው ይገባል፣ ብዙውን ጊዜ አንገቱን ደፍቶ። ዓይኔ መጀመሪያ የጠፋውን ዓይን አታይም፤ ያለውን ነው የምታየው። ወንበር ትስብና ጉልበት ለጉልበት ትቀመጣለች፤ ከዚያ ዝም። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ ታያለች። በሽተኛው መጀመሪያ ይፈራል፣ ቀጥሎ ያፍራል፣ ኋላ ግን ትከሻው ይወርዳል። እሷ ቀለሟን ትቀላቅላለች፣ ትቀባለች፣ ታያለች፣ ትፍቃለች፣ እንደገና ትቀባለች። ከቀይ የሐር ክር እንደ ሸረሪት ድር የሳሳውን እየመዘዘች የደም ሥር ታደርግበታለች። ኮዱ ሰዓት እየያዘ ጻፈ፤ ኋላ ሰዓቱን መያዝ ረሳ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በሽተኛ አልነበረም። ኮዱ ቅጹን እያገላበጠ፣ «ቀለም መለየት የሚለው ላይ ምን ልጻፍ? ጥቁር ዓይን ያው ጥቁር አይደል?» አላት።

«ጥቁር ዓይን የሚባል የለም» አለች። «ሰው ስለማያይ ነው። እስቲ ወደዚህ ና።»

አንተ ማለቷን ልብ ያለው ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነው። መስኮቱ ሥር አስቀመጠችው፣ መነጽሯን አደረገች፣ አገጩን በሁለት ጣት ቀና አደረገችና አየችው። ኮዱ የት እንደሚያይ ጠፋው። ሰው እንዲህ አተኩሮ ሲያየው ስንት ዓመቱ ነው? ፀጉር አስተካካዩ ፀጉሩን ነው የሚያየው፤ ኃላፊው ወረቀቱን።

«ዳር ዳሩን ግራጫ ቀለበት ጀምሮሃል።»

«ምንድን ነው?»

«ዕድሜ ነዋ። ከሥር በኩል ደግሞ፣ በግራው፣ ማር የመሰለች ነጥብ አለች። ማንም ነግሮህ አያውቅም?»

«ማን ይነግረኛል» አለ ኮዱ። ሊቀልድ ነበር፤ ድምፁ ግን ቀልዱን አልተሸከመለትም።

ዓይኔ አገጩን ለቀቀችው፤ ሻይ ከቴርሞሷ ቀድታ ሰጠችው። ወንድሟ ሩቅ እንደሚኖር፣ ልጅ እንዳልወለደች፣ ማለስለሻ ሞተሩ ሲበላሽ እንዴት እንደምታስታምመው ነገረችው። እሱም ስለ እትዬ ነገራት። ስለ መክተፊያውም ሳይቀር። ዓይኔ ከልቧ ሳቀች።

ኮዱ ያን ሳምንትና የሚቀጥለውን ሳምንት ሪፖርት ጻፈ። ሠላሳ አንድ ገጽ። መስክ፤ ጤና። ሥልጠና፤ ደረጃ አምስት፣ ከፍተኛ ትምህርት፣ በላዩም የአራት ዓመት ልምምድ። ኃላፊው «አብደሃል እንዴ? ለፕላስቲክ ዓይን?» ቢለውም፣ ኮዱ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠረጴዛ መታ። ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ተከራከረ። ስለ ነጩ ነገራቸው፣ ስለ ሐር ክሩ ነገራቸው። አንዲት የኮሚቴ አባል «እኛ ይህን ሁሉ በዋዛ ነው የምናልፈው?» ብላ ተገረመች። ጸደቀ። አዲስ ቁጥር ተሰጠው፤ «የሰው ሠራሽ ዓይን ባለሙያ»። ኮዱ በዚያ ቀን ወደ ቤቱ በእግሩ ነው የሄደው፤ አውቶቡስ ውስጥ ገብቶ ደስታውን ማጣበብ አልፈለገም። ሄዶ ለዓይኔ ሊነግራት አሰበና፣ አይ፣ የተሻሻለው የመደቦች መጽሐፍ ታትሞ ይውጣ፣ ገጹን ከፍቼ በዓይኗ ላሳያት አለ።

መጽሐፉ ለመውጣት አምስት ወር ፈጀ።

ትኩሱን ቅጂ በብብቱ ይዞ ምድር ቤት ሲወርድ፣ ክፍሉ ተቆልፏል። በሩ ላይ አቧራ ቆሟል። ከልብስ ማጠቢያው የወጣች ሴት «ዓይኔን ነው? ሁለተኛ ፎቅ ናት» አለችው። ሁለተኛ ፎቅ ወጣ። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ አንዲት ሴት አጎንብሳ ወለል ትወለውላለች።

እሷ ናት።

«ምነው?» አለ ኮዱ።

ዓይኔ ቀና አለች፣ ወገቧን ያዘች። «ደህና ነዎት?»

«እርስዎ» የሚለው ቃል መሐላቸው ላይ እንደ ወንበር ተቀመጠ።

«ክፍሉ ተዘግቷል እኮ። ምን ሆነ?»

«ሥራው ባለቤት አገኘ» አለች፣ ረጋ ብላ። «ደረጃ አምስት ነው አሉ። ዲግሪ ያለው ነው የሚይዘው። እኔ ስምንተኛ ክፍል ነኝ። እስከ ዛሬ መደብ ስላልነበረው ማንም አይጠይቀኝም ነበር። አሁን አለው። ቁልፉን አስረከብኩ።»

ኮዱ መጽሐፉን ከብብቱ አላወጣም። ከዚህ በላይ ቢቆም የሚጮህ መሰለውና ወደ ሰው ኃይል ክፍል ሮጠ። ኃላፊዋ ልጅ እግር ናት፣ ጠረጴዛዋ ላይ ያንኑ መጽሐፍ ዘርግታዋለች።

«ጋሼ፣ ምን ላድርግ ታዲያ? እኛ የጠየቅነው መደብ ነው፣ የሰጣችሁን ይህን ነው። የማጽደቂያ ደብዳቤው ከደረሰን አራት ወር ሆኖታል፤ ማስታወቂያ አውጥተናል፤ አራት ጊዜ። አንድ ሰው አልተመዘገበም። ይህን የሚያስተምር ትምህርት ቤት እኮ አገር ውስጥ የለም።»

«ታዲያ ለምን አታሠሯትም?»

«ያለ ደረጃዋ? በማግሥቱ ኦዲት ይመጣብኛል። የእናንተው ሰው ነው የሚመጣው።»

ወደ መምሪያው ተመለሰ። ኃላፊው ሰምቶት ሲያበቃ እጁን ዘረጋ፤ «ደረጃ የሚሰጠው ለሥራው ነው፣ ለሰው አይደለም።» ይህን ዓረፍተ ነገር ያረቀቀው ራሱ ኮዱ ነው። ለስንት አቤት ባይ በመስኮት ሲናገረው ኖሯል፤ ለግንበኛው፣ ለአዋላጇ፣ ለማሽን ጠጋኙ። ሁሉም ሰምተው ዝም ብለው ነበር የሚሄዱት። ዝምታቸውን መስማማት አድርጎ ነበር የሚቆጥረው።

እሑድ እትዬ ስትደውል ሁሉንም ነገራት። እሷ እንደ ልማዷ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ሴትየዋን ጠይቀሃታል?» አለችው።

«ምን ብዬ?»

«ምን እንደምትፈልግ።»

ኮዱ ዘጠና አራቱን ጥያቄዎች በልቡ አለፈባቸው። ስለ ክብደት ማንሳት አለ፣ ስለ ጭስ አለ፣ ስለ እይታ ርቀት አለ። ይህ የለም።

«አንተ እኮ ክፉ ሰው አይደለህም» አለች እትዬ። «ግን ሰውን ስታከብረው ከፍ አድርገህ መደርደሪያ ላይ ነው የምታስቀምጠው። ከዚያ እጁ አይደርስበትም። እኔም ሳገባ እንዲያ ነበር ያደረግኸው፤ ‹ደስ ብሎኛል፣ ደስ ብሎኛል› ብለህ ሸኘኸኝ እንጂ፣ አንድ ቀን ‹አትሂጂብኝ› አላልክም።»

«ብልሽ ትቀሪ ነበር?»

«አልቀርም። ግን እሰማው ነበር።»

ስልኩን ዘጋ። ከዚያ ተነሥቶ መመሪያዎቹን ከሣጥን አወጣ።

በትምህርት ያልተገኘ፣ በሥራ ላይ የተገኘ ችሎታ በፈተና ሊረጋገጥ ይችላል የሚል አንድ አንቀጽ አለ። ችግሩ፣ ፈታኙ በዚያው መደብ ብቁ የሆነ ሰው መሆን አለበት ይላል። በዚህ መደብ ብቁ የሆነ በአገሩ አንድ ሰው ነው ያለው፤ እሷም ወለል ትወለውላለች። ኮዱ አሥራ አራት ሳምንት ደጅ ጠና። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ይልከዋል፣ ያኛው ማኅተም ይጠይቀዋል፣ ማኅተም ያዡ ስብሰባ ላይ ነው። በስተርጅና ራሱ ከመስኮቱ ወዲያ ማዶ፣ ከአቤት ባዮቹ ጋር ቆሞ ማየቱ ነው። በመጨረሻ የዓይን ሐኪም፣ የሰው ሠራሽ ጥርስ ሠሪና የሥልጠና ባለሥልጣኑ ተወካይ ሦስት ሆነው እንዲፈትኗት ተፈቀደ።

ሲነግራት ዓይኔ መወልወያውን ባልዲው ውስጥ ነክራ አላወጣችውም።

«ሃያ ሦስት ዓመት ስፈተን ነው የኖርኩት» አለች። «በየቀኑ፣ ሰው መስተዋት ሲይዝ። አሁን ማን ነው የሚፈትነኝ?»

«ልክ ነዎት» አለ ኮዱ። «ካልፈለጉ እተወዋለሁ። ምን እንደሚፈልጉ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት። መጀመሪያ ነበር መጠየቅ የነበረብኝ።»

ዓይኔ መወልወያውን ከባልዲው አወጣች። ከዚያ ወደ ኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር በአገጯ አመለከተች። ግራ ዓይኑን በጨርቅ የሸፈነ ጎልማሳ ተቀምጧል።

«ያን ሰው ያዩታል? የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። ዓይኑን ድንጋይ ነው ያጠፋበት። ክፍሉ ከተዘጋ ጀምሮ በየአሥራ አምስት ቀኑ ይመጣል፣ ‹ዓይኔ፣ ተከፈተ?› ይለኛል። የልጅ ልጁ ፊቱን ስታይ ትደበቃለች። እኔ የምፈልገው ክፍሉ እንዲከፈት ነው። ለዚህ ብዬ እፈተናለሁ። ለቁጥሩ ብዬ አይደለም።»

ፈተናው ሦስት ቀን ሆነ። የመጀመሪያው ቀን የጽሑፍ ነው፤ አርባ ጥያቄ። ዓይኔ ተማሪ ወንበር ላይ ተቀምጣ እርሳሷን እየነከሰች ስትቸገር፣ ኮዱ በበሩ መስታወት አያት። ወረቀቱ የቁሶቹን በመጽሐፍ ያለ ስም ይጠይቃል። እሷ ዱቄቱን «ዱቄቱ»፣ ፈሳሹን «የሚሸተው» ነው የምትላቸው። ግማሹን ባዶ ትታ ወጣች።

በሚቀጥሉት ሁለት ቀናት ክፍሉ ተከፈተላት። ሾፌሩ ጉልበት ለጉልበት ፊቷ ተቀመጠ። ፈታኞቹ ጥግ ላይ ቆመዋል፤ ኮዱ ከበሩ ውጭ። ሾፌሩ ጨርቁን አንሥቶ የጠፋውን ዓይኑን ገለጠ። ዓይኔ ያንን አላየችም፤ ደህናውን ነው ያየችው። አየችው፣ አየችው፣ ከዚያ በዝግታ፣ «እርስዎ ፀሐይን ፊት ለፊት እያዩ ብዙ ነድተዋል፤ ነጩ ቢጫ በልቷል» አለችው። ሾፌሩ ሳቀ። «በምዕራቡ መስመር አሥራ ስድስት ዓመት» አላት።

በማግሥቱ ማምሻውን ዓይኑ ተለስልሶ አለቀ። ዓይኔ አጥባ አደረገችለት፣ ሽፋሽፍቱን አስተካከለችና መስተዋት ሰጠችው። ሾፌሩ አየ። ወደ ቀኝ አየ፣ ወደ ግራ አየ። ከዚያ መስተዋቱን ጭኑ ላይ ደፍቶ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። የሥልጠና ባለሥልጣኑ ተወካይ ወረቀቱ ላይ ምን እንደሚሞላ ጠፍቶት ብዕሩን ያሻል። የጥርስ ሠሪው፣ ሽማግሌ ነው፣ ቀስ ብሎ ወደ ሾፌሩ ተጠግቶ አየ፤ ወደ ኋላ ርቆም አየ። «የትኛው ነው የራስህ?» ብሎ ጠየቀው። ሊቀልድ አልነበረም።

ውጤቱ ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ። የተግባር፣ መቶ ከመቶ። የጽሑፍ፣ ሠላሳ አንድ። ሁለቱ ተደምሮ ሲካፈል ደረጃ ሦስት፤ «ረዳት ባለሙያ፣ በደረጃ አምስት ባለሙያ ቁጥጥር ሥር የምትሠራ»። ደረጃ አምስት ባለሙያ ስለሌለ በእሱ ቦታ የዓይን ሐኪሙ እየፈረመላት እንድትሠራ ተስማሙ። ሐኪሙ ጨዋ ሰው ነው፤ «እኔ ምን አውቄ ነው የምቆጣጠራት?» እያለ በየሳምንቱ ሰኞ ወርዶ ይፈርማል። አንዲት ወጣት የጥርስ ቴክኒክ ምሩቅ ደግሞ እንድትማር ተመደበችላት። ከአራት ዓመት በኋላ ደረጃ አምስት የምትሆነው ይህች ልጅ ናት። ያኔ በወረቀት አለቃዋ ትሆናለች ማለት ነው።

ኮዱ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ወር ሲቀረው፣ የመጨረሻውን የመስክ ሥራውን ጨርሶ ሲመለስ፣ ሆስፒታሉ በር ላይ ከአውቶቡስ ወረደ። ደጋግሞ ለመምጣት አስቦ ሲተወው ከርሟል። ምድር ቤት ወረደ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ሞተሩ ይንሾካሾካል፤ ልጅቷ መስኮቱ ሥር ቆማ አንዲት ነጭ ነገር ታሻለች፤ ዓይኔ ከኋላዋ ሆና «ቀስ፣ ቀስ፣ አትጫኚው» ትላለች።

አየችውና ወደ በሩ መጣች። እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«ደህና ሰነበቱ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ልጅቷ እንዴት ናት?»

«ዓይን አላት። ሰሙ ላይ ትቸኩላለች እንጂ ዓይን አላት።»

ቆሙ። ኮዱ ወደ ውስጥ፣ ወደ በርጩማው ተመለከተ። በርጩማው ላይ የልጅቷ ቦርሳ ተቀምጦበታል።

«ተቀይመውኛል?» አላት።

ዓይኔ ጥያቄውን ቀለም እንደምትመረምር መረመረችው። «አልተቀየምኩም። እውነቴን ነው። ከልብ እንደሠሩት አውቃለሁ፤ እንደደከሙበትም አውቃለሁ። ክፍሉ እንደገና የተከፈተው በእርስዎ ነው።» እሷም ወደ በርጩማው አየች። «ግን ያን ስምንት ወር፣ በወለወልኩ ቁጥር፣ ያቺን ሦስት ቀን አስባት ነበር። ‹ሲጽፍ የነበረው ይህን ነው?› እል ነበር። አሁን ሰው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሲያየኝ እጄ እሺ አይለኝም። ምን ላድርገው?»

«ገባኝ» አለ ኮዱ።

«ሻይ ልቅዳልዎት?»

ከልቧ ነው የጠየቀችው። እሱም ያንን አይቷል። ነገር ግን ልጅቷ ከውስጥ «እማማ፣ ይህ ስንጥቅ ነው እንዴ?» ብላ ተጣራች፣ የዓይኔም ጆሮ ወደዚያው ሄደ።

«ይሂዱ፣ ይሂዱ። ሌላ ቀን» አለ ኮዱ። ሌላ ቀን እንደሌለ ሁለቱም ያውቁታል። እጅ ነሥቶ ደረጃውን ወጣ።

ውጭ ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። ጥላ አልያዘም። የተመላላሽ ሕክምና አዳራሹ ውስጥ ገብቶ፣ በረድፍ ከተደረደሩት ወንበሮች መጨረሻው ላይ ተቀመጠ። አዳራሹ ሞልቷል፤ የሚያስለው፣ የሚያዛጋው፣ ልጁን እሹሩሩ የሚለው። አጠገቡ የተቀመጠች በዕድሜ የገፋች ሴት የወረቀት ቁራጯን እያጣጠፈች ዞረችበት።

«ወንድሜ፣ ተራህ ስንት ነው?»

«ተራ አልያዝኩም» አላት።

«ውይ፣ እሱንማ ጠዋት ነበር የሚያድሉት። ታዲያ ማንን ነው የምትጠብቀው?»

ኮዱ ወደ መስኮቱ አየ፤ ውሃው በመስታወቱ ላይ ይንሸራተታል። «ዝናቡ እስኪያባራ ነው» አለ።

ሴትየዋ ቦርሳዋን ከጎኗ አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገች፣ እንዲመቸው ትንሽ ጠጋ አለችለት። ቁጥር እየተጠራ ሰው እየተነሣ ሄደ። እሷም ተራዋ ደርሶ ገባች። ዝናቡ ካባራም በኋላ ኮዱ ጥቂት ቆይቶ ነው የተነሣው።